ትወጋለች፦ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

አንድ ቃል ከተማ ሲበጠብጥ አይቻለሁ። ቃሉ «ትወጋለች» የሚል ነው። አሁን እናንተም ስታነቡት ሳታስቡት መርጣችኋል። አላልታችሁ ካነበባችሁት ጩቤው በሴትዮዋ እጅ ነው። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ጩቤው በሴትዮዋ ሆድ ነው። ፊደሉ ግን ያው ነው፤ ዝም ብሎ ያያችኋል። በዚህ ዝምታው የተነሣ ባለፈው ክረምት ወረታ ላይ ሰው ተሰዳደበ፣ ጓደኛሞች ተኮራረፉ፣ ለእኔም የቅጽል ስም ወጣልኝ። የቅጽል ስሙን እችለዋለሁ። ያልቻልሁት እህቴን ያደረጓትን ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናውን ሳላልፍ ከቀረሁ ወዲህ የምሠራው አክስቴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት እልፍ ብሎ። ፊልምና ዘፈን እንጭናለን። በገበያ ቀን የፎገራ ሰው ሚሞሪውን በመሐረብ ቋጥሮ ይመጣል፤ ሽንኩርቱን ሸጦ፣ ሩዙን አስፈጭቶ ሲመለስ ሚሞሪው ሞልቶ ይጠብቀዋል። ኔቱ አንድ ሰሞን መጥቶ አንድ ሰሞን በሚጠፋበት አገር ሥራችን ጥሩ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚፈለገው አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሰው በአማርኛ እየተረከበት ይመጣል። የገጸ ባሕሪዎቹ ስም ለምላሳችን ስላልተመቸ እኛው ስም አወጣንላቸው። ዋናዋ ሴት «ሙሽሪት» ናት፤ በሁለት ቤት መካከል የፈሰሰ ደም ለማድረቅ ገና በልጅነቷ ለጠላት ቤት የተሰጠች። ባሏ «ባለካባው» ነው። በጭንቅ ጊዜ ከሐይቅ ላይ ጉም ይነሣና ጉሙ ፈረስ ይሆናል፤ ፈረሱ ላይ መውጣት የሚችል ደግሞ ያልተዳረ ብቻ ነው። ሐይቅና ጉም ለፎገራ ሰው ምኑም እንግዳ አይደለም። ፈረሱን ብቻ ነው ሐሰት የሚሉት።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ከእኔ ትበልጥ ነበር በትምህርት። ከአሥረኛ ክፍል አውጥተው ዳሯት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ መሬቱ ውኃ ገብ ነው፣ ሩዝ ያበቅላል ተባለ፤ ስለ እሷ ምን እንደተባለ አላስታውስም። ሜዳው መካከል ካለች መንደር ገባች። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይወጣና መንደሯ ደሴት ይሆናል። ሚሞሪ የምልክላት እኔ ነኝ። ሩዙ ሲያፈራ ማማ ላይ ተቀምጣ ወፍ እየጠበቀች፣ በአንድ እጅ ወንጭፍ በአንድ እጅ ስልክ ይዛ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ሙሽሪት ከጣራ ላይ ዘልላ ስታመልጥ ወፉ ግማሽ መደብ በልቶ ነው የደረሰችበት። ባሏ ተቆጣ። ወፏም ሙሽራ ነበረች አለችው። እንዲህ ያለች ሰው ናት።

የመጨረሻው ክፍል ሊወጣ ሲቃረብ ሰው ሁሉ መገመት ጀመረ። እታለም ያኔ ደውላ የለመነችኝን አልረሳውም። ኔት የሚገኘው ከወንዙ ዳር ካለው የአፈር ክትር ላይ ስለሆነ እዚያ ወጥታ ነው የምትደውል።

«መጨረሻውን ከማንም አፍ እንዳልሰማ» አለችኝ። «በሕይወቴ የሆነውን ሁሉ ሌላ ሰው ነው አስቀድሞ የነገረኝ። መዳሬን እንኳ ከጎረቤት ነው የሰማሁ። ይችን አንዷን በዓይኔ ልያት።»

እሽ አልኋት። ምን ከባድ ነገር አለው? ለሰው ማድረግ የምችለው ትልቁ ነገር አፌን መዝጋት ከሆነ እዘጋለሁ አልሁ። የሌላውን አፍ አላሰብሁትም።

ከሱቃችን ጎን ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ አለ። የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም ቅኔ ቤት ገብቶ አቋርጦ የወጣ። የቴሌግራም ቻናል አለው፤ የፊልም ወሬ፣ የሩዝ ዋጋ፣ የጠፋ ላም ሁሉ እዚያ ላይ ይለጠፋል፤ የወረዳው ሰው ግማሹ እዚያ ነው ብል አላጋነንሁም። አንድ ጠዋት ሾልኮ የወጣ ምስጢር ብሎ ለጠፈ። «በመጨረሻው ክፍል ሙሽሪት በሠርግ ቀን በጩቤ፣ ባለካባው ፊት ትወጋለች» በቃ፣ ይኸው ነው። ነጥብ እንኳ አላደረገበትም።

እስከ ቀትር ድረስ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ባጃጅ ነጂዎቹ አጠበቁት። ሴት ጩቤ ይዛ ማን ላይ ትደርሳለች ነው ነገራቸው። ፀጉር ቤት ያሉት ልጆች አላሉት፤ የስንት ዓመት ግፍ አለባት፣ ትወጋዋለች እንጂ አሉ። የአማርኛ አስተማሪያችን ሚሞሪ ሊያስጭን መጥቶ በነገሩ ገባና ዓረፍተ ነገሩ ተሳቢ ስለሌለው ይጠብቃል ብሎ ፈረደ። ማንን የሚል የለማ። ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ ተሳቢ ከሆነ የቸገረህ መምህር፣ ያው አስፋልቱ ዳር ሦስት ቆሞልሃል ብሎ የጭነት መኪናዎቹን ቢያሳየው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሚሞሪውን ሳይወስድ ሄደ።

የቻናሉ ጎረምሳ ደግሞ በመካከል ቤንዚን ያርከፈክፋል። አባቶች መጽሐፍ ሲፈቱ የኖሩበትን «አንድም» አምጥቶ ለፊልም ወሬ አዋለው። «አንድም ላልቶ፣ ግፍ የዋለባት ናትና እጇን ታነሣለች ሲል ነው። አንድም ጠብቆ፣ በጩቤ የተዳረች በጩቤ ትለያለች ሲል ነው።» በየቀኑ አዲስ አንድም ይወልዳል። ከሥሩ ሰው ይሰዳደባል። አባቱ ቢያዩት በመቋሚያ ይሉት ነበር።

እኔ ሰምቻለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ለእታለም ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ስትደውል ስለ ሩዝ ማረም፣ ስለ ወገቧ ሕመም፣ ስለ ውኃው መውጣት እናወራለን። ፊልሙ ደረሰ? ስትለኝ ገና ነው እላለሁ። እንዲህ ስንል ቆየን።

ከዚያ አንድ ቀን ከክትሩ ላይ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ሰው ሞተ ብየ ነበር።

«ነገረኝ» አለች።

«ማን? ምኑን?»

«እራት ሳቀርብለት ነው። ቀን ክትሩ ላይ የገባለትን በስልኩ እያየ ‹ያች ሙሽራሽ ትወጋለች› አለኝ። ከዚያ ውኃ ስጭኝ አለ።»

ቃሉን እንዴት እንዳለችው ሰማሁት። ጠብቆ ነበር።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ከዚያ ፊልም አንድ ክፍል አላየም። ተረት ነው፣ የሥራ ፈት ነው ይላል። ቻናሉ ውስጥ የገባው የሩዝ ዋጋ ሊያይ ነው። ጽሑፉ ላይ መጥበቁ የለም፣ መላላቱ የለም፤ ባዶ ፊደል ነው። በዓይኑ ያነበበው ሰው ሁለቱንም ይዞ መቀመጥ ይችላል። በአፉ ያነበበው ግን የግድ ይመርጣል። እሱም መረጠ። ከሁለት ንባብ ሴትዮዋ የምትሞትበትን መርጦ፣ እራት ለምታቀርብለት ሚስቱ፣ ውኃ ከመጠየቁ በፊት አነበበላት። አልመታትም፣ አልሰደባትም። ለሽማግሌ ብንነግር ምን አደረገ ይሉናል? ቃል አጠበቀ እንላለን?

ገና አልተረጋገጠም አልኋት። ሊላላ ይችላል፣ ሰዉ ሁሉ እየተጣላበት ነው አልኋት።

«እሱ ጠብቆ ነው ያነበበው» አለች። «ከዚህ ወዲያ ባየው የእሱ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ተይው። አትጫኝልኝ።»

ስልኩን ዘጋችው። ከሱቁ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጎረምሳው ሄድሁ። የአንድ ሰው ስልክ በትኖ የጉንዳን ራስ በምታክል ብሎን ላይ አጎንብሷል።

«ስትጽፈው አጥብቀህ ነው አላልተህ?» አልሁት።

«ምኑን?»

«አታውቀውም?»

ቀና አለ። ሳቀ። «እኔ ጻፍሁት እንጂ አላነበብሁትም» አለኝ።

ይህን የሚል ሰው ምን ይባላል? ከየት አመጣኸው ብየ ብጠይቀው ከሌላ ቻናል ነው፣ እሱም ከሌላ ነው፣ እንግሊዝኛውን ያየው የለም አለኝ። እንግዲያስ አላውቅም ብለህ ጻፍ አልሁት። አላውቅም ብየ ብጽፍ ማን ያነበኛል አለኝ፣ ደግሞም የድሮ መጽሐፍ ላይ ለሚጠብቅ ፊደል ከራሱ ላይ ነጥብ ይደረግለት ነበር፣ ስልክ ላይ የለም፣ እኔ ምን ላድርግ አለ። ንባብ ሳትማሪ ንባብ አትጠይቂኝ ብሎም ጨመረበት። እኔም ቅኔ ቤት ያባረሩህ ቅኔ ስላቃተህ ሳይሆን ሐሰት ስለበዛብህ ነው አልሁት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። በጣም ስለተናደድሁ ነው ያልሁት፤ ፊቱ ሲቀላ ግን ደስ አለኝ።

ማታ ቻናሉ ላይ ገብቼ ጻፍሁ። የማታውቁትን እያነበባችሁ የሰው ቤት አትግቡ፣ መጨረሻውን በዓይኑ ለማየት የጠበቀ ሰው አለ አልሁ። ከሥሩ የመጣልኝን ስድብ አልደግመውም። የሚደገመው፣ ባል ብታገቢ ይላላልሻል የሚለው ነው። በማግስቱ አስፋልት ስሻገር አንዱ ባጃጅ ነጂ «ትወጋለች መጣች!» ብሎ ጮኸ። እሱም አጥብቆ ነው ያለው። እስከ ዛሬ ስሜ ይኸው ነው።

ፊልሙ ወጣ። አክስቴ ጭኝ አለችኝ፤ ጫንሁ። ሱቁ ሞላ፣ ሰው ተጋፋ፣ ሚሞሪ በሚሞሪ ላይ ተከመረ። እኔ ግን አላየሁትም። ጆሮየን በጥጥ ደፍኜ፣ የሱቁን ድምፅ ማጉያ በዘፈን ከፍቼ ሠራሁ። እታለም አላይም ብትልም ለብቻየ ማየት ክህደት መሰለኝ። አይተው የሚመለሱት ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሚሞሪያችሁን አጠፋዋለሁ እያልሁ አስፈራራቸው ነበር። ፊታቸው ላይ ያለውን ግን ጥጥ አይደፍነውም። ከባጃጆቹ ጎን የሚስቅ ሰው ሳይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ከፍልሰታ በፊት ውኃው ጋብ ሲል እታለም ወንዛዬ እሄዳለሁ አለች። ሩዝ ስታርም ወገቧ ታስሮ ቀና ማለት አቅቷታል። ፍል ውኃውን ለወገብ የሚያህለው የለም፤ ይህን ባሏም አማቷም አይከለክሉም። ከመንደሯ ሴቶች ጋር ሄደች። እኔ አክስቴን አስፈቅጄ ተከተልሁ፤ ስልኬን ሞልቼ፣ መሙያ ባትሪ ይዤ።

ለምን እንደመጣሁ ገና ከሩቅ ስታየኝ አውቃለች። መጀመሪያ ቀን አላነሣሁትም። ሁለተኛው ቀን አነሣሁት፤ እንቢ አለች። ባረፍንባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ቅባት እየቀባሁ ለመንኋት፤ እንቢ አለች። ተናደድሁ። የሰውየውን አንዲት ቃል ከስንት ዓመት ፊልም አብልጠሽ አመንሽ አልኋት። ተነሥታ የሴቶች ተራ ነው ብላ ወደ ውኃው ሄደች።

ከውኃው ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ፣ ከነጠላዋ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ቀጥ ብላ ነው የሄደች። ከመደቡ ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«አምጭው» አለች። «ከሆነም እኔ ነኝ የማጠብቀው።»

አንዱን ማዳመጫ እሷ፣ አንዱን እኔ አድርገን፣ ነጠላ ተከናንበን አየነው።

ጠበቀ። ሳልሸፍን ልናገር፣ ያ ሁሉ ባጃጅ ነጂ ልክ ነበር። ሙሽሪት ተወጋች። ሲገባባት እኔ ጮህሁ፣ የጎን ክፍል ሴቶች ምን ሆናችሁ አሉን። እታለም አልጮኸችም። አላለቀሰችም።

«መልሽው» አለችኝ።

መለስሁት። ደግማ አየችው። እንደገና መልሽው አለች። ከዚያ ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አድርጋ አቆመችው። ከሙሽሪት ጀርባ በሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ የባለካባው ቤት በተራዋ ለሌላ ቤት ደም ማድረቂያ ሊሰጣት ያዘጋጃት። ሙሽሪት በሩን በገላዋ ነው የዘጋችው። እሷን እስኪወጉ ልጅቱ ከሐይቁ ደረሰች፣ ጉሙ ተነሣ፣ ፈረሱ ላይ ወጣች። ሄደች።

«ስለ ልጅቱ ማንም አልነገረንም» አለች እታለም።

እውነቷን ነው። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ሁሉ አንድም ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ስድብ ውስጥ፣ በተሳቢውም በምኑም ውስጥ ልጅቱ የለችም ነበር። ምስጢሩን ያሾለከው ሰው ጩቤውን አይቶ በሩን አላየም። ወይም አይቶ ዋጋ አልሰጠውም።

እኔ ግን ይህ አላጽናናኝም። አሁንም አያጽናናኝም። ላልቶ እንዲሆን ነበር የፈለግሁ። ያ ባለካባ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሆዱን ይዞ ሲወድቅ ማየት ነበር የፈለግሁ። ይህንኑ ነገርኋት። የማይረባ መጨረሻ ነው አልሁ፣ ሴት መሞት አለባት ያለው ማን ነው አልሁ፣ ብዙ አልሁ።

እየሳቀች አየችኝ። «አንች ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲወጋልሽ ነው የምትፈልጊ» አለችኝ።

ይህ ነገር ዘልቆ ነው የገባኝ። ስልኩን ከመሙያ ባትሪው ላይ ሰካሁት።

ከወንዛዬ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ወደ ወረታ ነይ፣ ከእኛ ጋር ክረሚ ብያት ነበር። ሩዙን ማን ያርመዋል አለችኝ። ስትሄድ አኮረፍኋት፤ እሷ ግን አላኮረፈችኝም። ከቀናት በኋላ ከክትሩ ላይ ደወለች። ባሏ እራት ላይ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቃት አለች። ምኑ ብትለው ያች ሙሽራሽ አላት። አላየኸውም እንዴ ብትለው እንጀራውን ቆረሰ። ጠብቆ ነው አይደል ብሎ ደግሞ ቢጠይቃት ወጡ ጨው አንሶታል ወይ አለችው። በማግስቱም ጠየቃት። በሦስተኛውም። አልነገረችውም። እየሳቀች ነው ይህን የምታወራኝ፤ እኔ ደሜ ይፈላል። እኔ ብሆን ምን እንደምለው አውቃለሁ አልኋት። አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው እንዳትደውይለት አለችኝ።

አልደወልሁለትም። እሱ መጣ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ዝናቡ ግን አስፋልቱን እየመታ ገበያተኛውን በትኖታል፣ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። ከበሩ ቆሞ ካፖርቱን አራገፈ። እህቴን ካገባ ጀምሮ እናቴ አንቱ በይው ስላለችኝ አንቱ ነው የምለው፤ ሁልጊዜ አፌን ይከብደኛል። ያን ቀን አልከበደኝም።

«ምን ልጫንልዎ?» አልሁት።

ስልኩን ከውስጥ ኪሱ አውጥቶ ከጠረጴዛው ላይ አደረገው። ሚስቴ የምታየውን አለኝ። ሙሉውን ነው? ብየ ብጠይቀው የለም፣ የመጨረሻዋን ብቻ አለ።

«መጨረሻውንማ አንቱ አይደሉ የነገሯት።»

ወደ ዝናቡ ዞረ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። እኔ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ለወራት አዘጋጅቼዋለሁ፣ ማታ ማታ እየተለማመድሁት ነው የተኛሁ። ስለ አሥረኛ ክፍል ነበር፣ ስለ ውኃ ስጭኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የእታለም ቃል ትዝ ስላለኝ አይደለም የተውሁት፤ ብሰድበው ሰምቶ ይገላገላል ብየ ነው። ስድብ ይቀላል። ሰድባኝ ነበር ብሎ ያወራዋል፣ ያልቃል።

ስልኩን ወሰድሁና ሰካሁት። ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ሙሽሪት ገና ልጅ ሆና ከሚሰጧት ክፍል። ያችን በእሳት ዙሪያ የተቀመጡት ወንዶች እሷ ሳትኖር የሚነጋገሩባትን። ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን። እሱ ቆሞ ኮምፒውተሩ ላይ የመጫኛዋ መስመር ስትሞላ ያያል። ሚሞሪው ጠባብ ነው፤ የመጀመሪያውን ሲዝን ጭኖ ሞላ። መለስሁለት።

«የመጨረሻዋ አለችበት?» አለኝ።

«አልገባም። ሚሞሪዎ ትንሽ ነው። ይህን ጨርሰው ሲመጡ ቀጣዩን እጭንልዎታለሁ።»

«ብቻዋን እንዲሁ አትገባም?»

«አትገባም።»

ትገባ ነበር። ዘፈኖቹን ባጠፋለት ትገባ ነበር። ስልኩን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሐሰት መሆኑን ያወቀ መሰለኝ። ይቆጣ ብየ ጠበቅሁት፤ ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

«ስንት ክፍል ነው ጠቅላላው?» አለ።

«ብዙ ነው» አልሁት።

ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከውስጥ ኪሱ ከተተና ወደ ዝናቡ ወጣ።